ከጣርማ በር በታች የሚደገስ ሰርግ

ጥር ነው። ሙሽራውን ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ወስዶ ሙሽራዋን ይዞ የሚመለሰው የመኪና ሰልፍ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ሚዜዎቹ ከሙሉ ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳው ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ ጉሙ ሲወርድ በጠራራ ቀን እንኳ መብራት አብርቶ ማለፍ ግድ ነው። ከዋሻው ወዲያ መንገዱ ገደሉን እየታከከ ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ጋቢው ከትከሻ ይነሳል፤ አርማንያን ሲያልፉ ኮት ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ዝቅ ብሏል፤ የሙሽራዋ ቬሎ ከጀርባዋ ተጣብቋል፤ የኬኩ ክሬም ከነአበባው ወደ አንድ ጎን ዘሟል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ተወርዷል።

ያ ሰርግ ደጋ ላይ ታስቦ ቆላ ላይ የተደገሰ ሰርግ ነው። ያቀደው ሰው የሌላ አገር ፎቶ አይቶ ቀለም መርጧል፤ ድንኳኑ የሚተከልበትን ግቢ፣ በስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኘው ግን አላየም።

«እኛን የሚመስል ሰርግ እንፈልጋለን» የሚሉ ወጣቶች በየከተማው በዝተዋል። መልካም ምኞት ነው፤ እኔም በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ችግሩ ያለው «እኛ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሁለቱ ሙሽሮች ብቻ ናቸው «እኛ»? ሸዋ ሮቢት ባለችበት ይፋት ውስጥ ቃሉ ሰፋ ይላል። ይህ ቆላ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የኢፋት ሱልጣኔት የነበረበት፣ ከላዩ ባለው ተራራ ላይ ደግሞ የሸዋ ነገሥታት አንኮበርን የከተሙበት ነው። ዛሬም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ በአንድ ወንዝ ያጠጣል፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግቶ ይኖራል። የጎረቤቱን ሰርግ ሳይበላ ያደገ ልጅ እዚህ የለም። ስለዚህ እኛን የሚመስል ሰርግ ለማቀድ መጀመሪያ ማን እንደሆንን፣ ማን እንዳሳደገን፣ ማን ከጎናችን እንደሚኖር መቁጠር ያስፈልጋል። ጌጡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ የሚመረጠው ቃል ኪዳኑ ነው

ከሸዋ ሮቢት ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ለሚያይ፣ ከዚያው ተራራ ሰንሰለት በስተደቡብ በኩል አንኮበር አለ። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክና ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል በአንኮበር መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆርበው ተጋቡ። ሁለቱም ከዚያ በፊት ትዳር ያዩ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን መኳንንቱ ባብዛኛው የሚጋባው በሰማንያ ነበር፤ የሰማንያ ጋብቻ በውል የሚታሰር፣ ሲያስፈልግም በውል የሚፈታ ነው። ቁርባን ግን አይፈታም። የዚያን ሰርግ ድግስ የሚያህል ድግስ ሌላም ጊዜ ተደግሷል፤ የጋብቻውን ዓይነት መምረጣቸው ግን የሁለቱ የራሳቸው ውሳኔ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለነበረው የሠላሳ ዓመት ኑሯቸውም መሠረት ሆነ። ከሰርግ ነገር ሁሉ እጅግ የግል የሆነው ይህ ምርጫ ነው እላለሁ። የአዳራሽ ቀለም ለመምረጥ ሦስት ሳምንት የሚከራከሩ እጮኛሞች በምን ዓይነት ቃል እንደሚጋቡ ለመነጋገር አንድ ምሽት እንኳ ሳይሰጡ ሲቀሩ አዝናለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነካውንና የማይነካውን መለየት ነው። በተክሊል የሚጋባ ሰው ጸሎቱን አይለውጥም። ሥርዓቱ ከቅዳሴ ጋር የተያያዘ ነው፤ ካባው ይደረባል፤ አክሊሉ ይደፋል፤ ቅብዐ ቅዱሱ ይቀባል፤ በመጨረሻም ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። በመካከሉ «የራሳችንን ቃል እናንብብ» ማለት የቤቱን ሥርዓት አለማወቅ ነው። ሆኖም ምን ያህል ሰው እንደሚገኝ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ጋር ከወዲሁ ምን እንደሚነጋገሩ፣ ትምህርት የሚሰጠው ማን እንደሚሆን፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር ከስንት ወር በፊት መገናኘት እንደሚጀምሩ በእነሱ እጅ ነው። የንስሐ አባት ለሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልክ የሚደወልለት ሰው መሆን የለበትም።

በኒካህ በኩል ያለው ክፍት ቦታ ከብዙዎች ግምት በላይ ሰፊ ነው። የሙሽራዋ ወኪል የሆነው ወሊና ሁለቱ ምስክሮች ባሉበት ቃሉ ይሰጣል፤ ይቀበላሉ፤ ያልቃል፤ አጭር ነው። ሙሽራው የሚሰጠው ጥሎሽ፣ መህሩ፣ ግን የሙሽራዋ ነው። የአባቷ አይደለም፣ የወንድሟም አይደለም፣ የድግሱ ማሟያም አይደለም። ምን እንደሚሆን፣ ስንቱ አሁን ስንቱ ወደ ፊት እንደሚሰጣት የመናገር መብት አላት። ወርቅ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ያልነበረው ሰው ከቁርኣን የሚያውቀውን ለሙሽራዋ በማስተማር እንዲያገባ ነቢዩ እንደፈቀዱለት በሐዲስ ተዘግቧል። መህሯን ራሷ አስባ፣ ለእናቷ ነግራ፣ በወሊዋ በኩል ያስታወቀች ልጅ ሰርጓን የራሷ አድርጋዋለች፤ ሌላው ጌጥ ነው።

ሕጉም የራሱ የማይነካ ነገር አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ብሎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በኋላም የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 ያጸደቀው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አድርገውታል። ይህን ቁጥር በዚህ ምዕራፍ ውስጥ የማስገባው በምክንያት ነው። በክልላችን ገጠር ልጅቷ ሳትጠየቅ ወላጅ ለወላጅ ተነጋግሮ የጨረሰው ሰርግ ስንት እንደሆነ ሁላችንም በየዘመዳችን እናውቃለን። እሺ ያላለችበት ሰርግ ምንም ያህል ቢያምር የእሷ አይደለም፤ ዕድሜዋ ሳይደርስ የተደገሰውም ወንጀል ነው። የራስ ሰርግ የሚጀምረው ሙሽራዋ «እምቢ» ማለት እንደምትችል ቤቱ ሁሉ ሲያውቅና እሷም እያወቀች «እሺ» ስትል ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማይጠቀምበት በር አለ፤ የጋብቻ ውል። የፌዴራሉ ሕግ ተጋቢዎች ከጋብቻቸው በፊት ወይም በዕለቱ ስለ ንብረታቸው በጽሑፍ እንዲዋዋሉ ይፈቅዳል፤ አራት ምስክር፣ ሁለት ከእሱ ሁለት ከእሷ ወገን፣ ይፈርምበታል። ሙሽራው ከአባቱ የደረሰውን የመስኖ መሬት፣ ሙሽራዋ ከደመወዟ ያጠራቀመችውን ገንዘብ እንዴት እንደሚይዙት በግልጽ መጻፍ አለመተማመን አይደለም። ሽማግሌዎቻችን በሰማንያው ወረቀት ላይ ከጥንት ሲያደርጉት የኖሩት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም አይዘንጋ፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ጋብቻ በተፈጸመ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። በየትኛውም መንገድ ቢጋቡ፣ በቤተ ክርስቲያንም በኒካህም በሽማግሌም፣ ቀበሌው ዘንድ ሄዶ መመዝገብ ይቀራል።

ሁለት ጾም የሚገናኙበት አገር

ቀን መቁረጥ በይፋት ከሁሉ ይከብዳል፤ ዕቅዱ የሚበላሸውም ባብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

የክርስቲያኑ የሰርግ ወቅት ሁለት ነው። አንዱ ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥርና ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው የየካቲት ቁራጭ፣ ሌላው ከዳግማይ ትንሣኤ እስከ ሐዋርያት ጾም ያለው ነው። ለቆላ ሰው ሁለቱ እኩል አይደሉም። በጥር ማሽላው ታጭዶ ጎተራ ገብቷል፤ የሽንኩርቱ ገንዘብ እጅ ላይ አለ፤ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። ግንቦት ግን ለሮቢት የእሳት ወር ነው። ግንቦት ላይ እኩለ ቀን ድንኳን ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ማስቀመጥ እንግዳን መቅጣት ነው፤ ግዴታ ከሆነ ድግሱ ወደ ማታ ይዛወር።

የሙስሊሙ አቆጣጠር በጨረቃ ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ወደ ኋላ ይመጣል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በየካቲት ወር በቀናት ልዩነት ተከታትለው ገቡ፤ ስለዚህ ጥር የሁለቱም ወገን የሰርግ ወር ሆነ። በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሦስት ሰርግ የተጠራ ሰው ነበር። ወደ ፊት ግን ነገሩ ይለወጣል። ረመዳን እየተሳበ በ2020 ዓ.ም. ከጥር አጋማሽ በኋላ ይገባል፤ ጨረቃዋ ስትታይ አንድ ቀን ቢለዋወጥ ነው። ያ ማለት ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው የክርስቲያኑ የሰርግ ወቅት ከሞላ ጎደል ሙስሊሙ ጎረቤት በሚጾምበት ወር ላይ ይወድቃል።

ታዲያ በዚያ ዓመት ሊያገባ ያሰበ የክርስቲያን ልጅ ምን ያድርግ? እኔን ቢጠይቀኝ ድግሱን በሁለት ይክፈለው እለዋለሁ። ቀን ላይ የቤተ ክርስቲያኑንና የዘመዱን ይያዝ። ጎረቤቱን ደግሞ በማፍጠሪያ ሰዓት ይጥራው፤ ተምሩን፣ ውኃውን፣ ሾርባውን አዘጋጅቶ፣ መስገጃ ቦታውን ጠርጎ። እንዲህ ያለ ሰርግ የትም መጽሔት ላይ አልታየም። ይፋትን የሚመስል ግን እንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛው ገበታ

ከአገራችን ውጭ ያለ ሰው የሰርግ ምግብ ሲያቅድ የሚጠይቀው «ምን እንብላ?» ብሎ ነው። በይፋት ጥያቄው «ማን ባረደው?» ይሆናል። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን እርድ አይበላም፤ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን። ይህ የጠብ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ሁለቱም ወገን መላውን ከጥንት አበጅቶለታል። የክርስቲያን ሰርግ ከሆነ ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነው በግ ወይም ሰንጋ ቀደም ብሎ ለአንድ የታመነ ሙስሊም ጎረቤት ይሰጣል። እሱ ያርዳል፤ ሚስቱና ጎረቤቶቿ በራሳቸው ድስት፣ በራሳቸው ቢላዋ ይሠራሉ፤ እነሱው ያስተናግዳሉ። የሙስሊም ሰርግ ከሆነም በተራው እንዲሁ ነው። መጠጡም እንደዚያው፤ ለአንዱ ጠላና ጠጅ፣ ለሌላው ገብስ ተቆልቶ ተፈልቶ በስኳር የሚጣፍጠው ቀሪቦ።

ይህን የመሰለ ልማድ ያለው ሕዝብ ድግሱን ሁሉ ከአዲስ አበባ በመኪና ለሚመጣ አዘጋጅ ድርጅት ሲያስረክብ አንድ ነገር ይጎድላል። ድርጅቱ ጥሩ ምግብ ሊሠራ ይችላል፤ የትኛው ድስት የማን እንደሆነ ግን ጎረቤት ካልነገረው አያውቅም። ሙስሊሞቹ እንግዶች አፍረው ውኃ ጠጥተው የወጡበት ድንኳን አይቻለሁ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ያልጠየቁትን የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው ከጌጥ ባለሙያው በፊት ሁለት ሴቶችን፣ አንዷን ከክርስቲያኑ አንዷን ከሙስሊሙ ወገን፣ የድግሱ እናት አድርጋችሁ ሹሙ የምለው። እነሱ ይምሩ፤ የተቀጠረው ይታዘዝ። ድካማቸውም በምስጋና ብቻ አይታለፍ። በርበሬ ቀጥቅጠው፣ ጌሾ ወቅጠው፣ ሽንኩርት ከትፈው አንድ ወር የሚያልፍባቸው እነሱ ናቸው፤ በሰርጉ ዕለት ከጭሱ ወጥተው ከፊት ወንበር የሚቀመጡበት ሰዓት በዕቅዱ ላይ ይጻፍላቸው።

ከሁለቱ ገበታ ሌላ ሦስተኛ እንዲዘረጋም እመክራለሁ፤ ማንም የማይከለከልበት ገበታ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ቲማቲም ፍትፍቱ፣ ስልጆው፣ የማሽላው እንጀራ፣ ማንጎውና ፓፓያው። ማሾም ይግባበት። ቀወት ወረዳ ማሾ አብቅሎ ለገበያ ይልካል፤ እህሉ በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ጀምሯል፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ በእስያ ማዕድ ላይ ይቀርባል። አብቃዩ ገበሬ ግን በራሱ ልጅ ሰርግ ላይ ሲያቀርበው ብዙም አይታይም። በሽንኩርትና በእርድ ተቁላልቶ ሲሠራ እንዴት እንደሚጥም በዚያ ዕለት ይታወቅ። ከዚህ ገበታ ቄሱም ሼሁም፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾመውም፣ ሥጋ የማይስማማው አዛውንትም በአንድ ላይ ይቆርሳሉ። ሙሽሮቹ የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚጎራረሱት ከዚህ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ቁጥሩን ደግሞ በወረቀት እናስላ። እንበል 300 እንግዳ ይጠራል፤ ከእነሱ 100ው ሙስሊም ናቸው። ለአንድ ሰው ሦስት እንጀራ ብንይዝ 900 እንጀራ ነው፤ ከዚህ 300ው ከሙስሊሙ ማጀት ይወጣል። በሮቢት ሙቀት ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል የሚጠጣ ውኃ ካሰብን 450 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትሩ 23 ጀሪካን ነው፤ ለመታጠቢያና ለዕቃ የሚሆነው ከዚህ ውጭ ነው። ለውኃው አንድ ሰው ይመደብ፤ ሌላ ሥራ አይሰጠው። ጥሬ ሥጋ የሚቀርብበት ድግስ ከሆነ ሰንጋው ሌሊት ታርዶ ቁርጡ ረፋዱ ላይ ይብቃ፤ ከዚያ የተረፈው ወደ ጥብስ ይሂድ። ደጋ ላይ እስከ ማታ የሚንጠለጠል ሥጋ እዚህ አይንጠለጠልም።

ሰዓቱንም ከመልክዓ ምድሩ ጋር ማስማማት ይቻላል። ሙሽራዋ የደጋ ልጅ ከሆነች ትልቁ ምሳ በእሷ ቤት፣ በብርዱ አገር ይሁን፤ ሰልፉ ከእኩለ ቀን ሙቀት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ ሮቢት ይግባ፤ የሙሽራው ቤት ድግስ በምሽቱ ንፋስ ይጀመር። ልብሱም ይታሰብበት። ነጭ ቬሎ በዓለም ላይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1840 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ነጭ ለብሳ ካገባች ወዲህ ነው። በዚያ ጊዜ በአንኮበር የነገሠው ሣህለ ሥላሴ ነበር፤ ከሥሩ ባለው ቆላ የአርጎባ ሸማኔ ጥጡን ሲሸምን፣ ነጋዴው በአልዩ አምባ ገበያ ሲሸጥ ኖሯል። የጥጥ ቀሚስ ላብ ይመጥጣል፤ የጎማ ያህል የሚያፍነው የፋብሪካ ቬሎ ግን ሙሽራዋን ቀኑን ሙሉ ያሰቃያታል። ቬሎ ያማራት ትልበስ፤ ደጋው ላይ ለብሳ ቆላው ላይ በጥበብ ቀሚስ ትቀይር።

የማን ስም ይሰረዝ?

የገንዘብ ነገር ሲነሳ ወጣቱ የሚያስበው የእንግዳውን ቁጥር መቀነስ ነው። በየቤቱ የሚሰማው ንግግር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤

«አባባ፣ ሁለት መቶ ሰው ቢጠራ ይበቃል። የማላውቀው ሰው ሞልቷል እኮ ዝርዝሩ ላይ።»

«አንተ አታውቀውም። እናትህ ያረፈች ጊዜ ድንኳን የተከለው እሱ ነው። ሦስት ሌሊት ደጃችን ላይ ያደረው እሱ ነው። አሁን እሱን ነው የምትሰርዘው ልጄ?»

አባትየው ትክክል ናቸው። ልጁም አልተሳሳተም። መፍትሔው በልማዳችን ውስጥ አለ፤ ሰርጋችን የአንድ ቀን ነገር ሆኖ አያውቅም። እንሶስላው ወይም ሂናው አለ፤ ሰርጉ አለ፤ መልሱ አለ፤ ቅልቅሉ አለ። የሰርጉ ቀን የወላጅና የመንደር ነው፤ ብድር የሚመለስበት፣ ለቅሶ የደረሰ የሚጠራበት ቀን ነው፤ ለእነሱ ተዉላቸው። ድግሱን ቀለል አድርጉት እንጂ ሰዉን አትቀንሱ። የራሳችሁን ነገር፣ የመረጣችሁትን ሙዚቃ፣ የልጅነት ጓደኞቻችሁን፣ የተዋወቃችሁበትን ታሪክ ወደ መልሱ ውሰዱት። መልስ ላይ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ማንም አይቸኩልም።

ለራስ ቃልም ቦታ እንዲሁ ይፈለግለታል። ሙሽሮች ማይክ ይዘው በድንኳን መካከል አንዳቸው ለሌላው የጻፉትን ሲያነቡ አይቻለሁ፤ ሳህን ይንኳኳል፤ ልጆች ይሮጣሉ፤ ቃሉ አይሰማም። እኔ የምወደው ቦታ የወላጅ ጉልበት ሲሳም ያለው ጊዜ ነው። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው ጉልበት ይስማሉ፤ ሽማግሌው ምርቃቱን ይጀምራል፤ በዚያች ደቂቃ ድንኳኑ ሁሉ ዝም ይላል። እዚያ ላይ ሙሽራው ለእናቷ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሙሽራዋ ለአባቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ፣ ማን እንዳሳደጋቸው፣ ምን እንደሚጠብቁላቸው በስም ጠርተው ቢሉት፣ ከማንኛውም ንባብ ይበልጣል። መራቂውንም አስቀድማችሁ አነጋግሩት። ምርቃት በአገራችን ተጽፎ የማይሰጥ፣ ግን በሚገባ የሚዘጋጅ ጥበብ ነው። ሙሽራዋ ነርስ እንደሆነች፣ ሙሽራው ወንድሙን እንዳጣ፣ የተከራዩት ቤት በየትኛው ወንዝ ዳር እንዳለ ንገሩት፤ እሱ ሲመርቅ ቦታ ቦታውን ያስገባዋል። በሙስሊሙ ሰርግም ዱዓ የሚያደርጉትን አባት፣ መንዙማ የሚያወጣውን ሰው እንዲሁ ቀርቦ ማነጋገር ነው።

የሐዘን ነገር መጥቷልና ሳልለው አላልፍም። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የአጣዬ ከተማ ተቃጥላለች፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቷል። ከዚያም ወዲህ መንገዱ የተዘጋበት ቀን ጥቂት አይደለም። በዚህ አካባቢ ሰርግ የሚያቅድ ሰው ልቡ እየሻከረም ቢሆን ሁለት ዕቅድ ይይዛል። መንገዱ ቢዘጋ ሙሽራዋ ካለችበት ከተማ በጥቂት ሰው እንዴት እንደሚጋቡ፣ ድግሱ ለማን እንደሚከፋፈል አስቀድሞ ይወሰን። ሰልፉ ሌሊት አይጓዝ። ሠላሳ መኪና ካስፈለገ አሥር ይሁን።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሐዘን የተቀመጠ ጎረቤት ሲኖር ነው። ልማዱ ያዛል፤ ከሰርጉ አንድ ሳምንት በፊት ሽማግሌ ተይዞ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይኬዳል፤ ፈቃድ ይጠየቃል። ባብዛኛው «ደግሱ፣ ልጆቹ ምን አጠፉ፤ እግዜር ያሳምርላችሁ» ተብሎ ይመረቃል። ሙሽሮቹ ራሳቸው ቢሄዱ እመርጣለሁ። በዚያ ቤት ደጅ ሰልፉ ሲያልፍ ክላክሱ ይቁም፤ ከበሮው ይረፍ፤ ለሾፌሮቹ ይህ በቃል ሳይሆን በወረቀት ተጽፎ ይሰጣቸው፤ በደስታ ጊዜ ሰው ይረሳልና። ከድግሱም የመጀመሪያው መሶብ ወደዚያ ቤት ይሂድ።

የመጨረሻው ሥራ የሚሠራው ድንኳኑ ከወረደ በኋላ ነው። የእድሩ ድስት፣ ብርጭቆ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከሙስሊም ጎረቤት የመጣው ጎላ፣ ከየቤቱ የተሰበሰበው ሰፌድ በአደራ የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን የሚመልሱት የደከሙ እናቶችና ታናናሽ ወንድሞች ናቸው። ሙሽሮቹ ከመልሱ በፊት ባለው ቀን ራሳቸው ቢወስዱትስ? የሰርግ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ጋሪ ተከራይተው፣ በየደጁ «እንደምን አደራችሁ» እያሉ። የጎላውን ባለቤት እጅ ይነሱ፤ በጎላው ውስጥ ትንሽ ቡናና ስኳር ይኑር። የእድሩ ዕቃ ቤት ሲደርሱ ጸሐፊው ብርጭቆውን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ የተሰበረው ይከፈላል፤ መዝገቡ ላይ «ተመላሽ» ከሚለው ቃል ጎን ሁለቱም ይፈርማሉ።